ትል ያለበት ሁሉ ለምን አይታመምም? ከጅማ የተነሳ ጥያቄና ምላሾቹ

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች።

ጅማ ያደገ ሰው ትልን አሳምሮ ያውቀዋል። ወስፋት አለ፣ መንጠቆ ትል አለ፣ ኮሶ አለ። ወንዝ ለሚወርድ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ሰፈራችን ቆቺ ውስጥ የሁለት ጎረቤታሞች ልጆች አብረው ተመረመሩ። የሁለቱም ሰገራ ላይ መንጠቆ ትል ተገኘ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያባርር ነው የሚውለው፤ ምንም አላለውም። ሌላው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይገረጣል፣ ገላውን ያሳክከዋል። የሚጫወቱበት መሬት አንድ ነው። ትሉም አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የማምነውን ልናገር። ትል የሚያሳምመን ራሱ በሚያደርሰው ጉዳት ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚያሳምመን የራሳችን ሰውነት ቁጣ ነው። ባዕድ ነገር ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠራራሉ። ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ባክቴሪያ ሲሆን ይህ ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀን ቆይቶ ያልፋል። ትል ግን ለዓመታት ይቀመጣል። ሰውነት ለዓመታት በሙሉ ኃይሉ ቢቆጣ የሚፈርሰው የራሱ አንጀትና የራሱ ጉበት ነው። ስለዚህ መቆጣትን ብቻ ሳይሆን መብረድንም ያውቅበታል። መብረዱ ድካም አይደለም፤ የራሱ ሠራተኞች ያሉት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜሪ ብሩንኮው፣ ፍሬድ ራምስዴልና ሺሞን ሳካጉቺ የሕክምና ኖቤል ሽልማት የወሰዱት በእነዚሁ ሠራተኞች፣ ማለትም በተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ግኝት ነው።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ትል ተሸክሞ ጤነኛ የሚመስል ሰው፣ ያ ጸጥታ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? የምታውቁ አስተምሩን።

ብዙ ሰው መለሰ። አዲስ አንባቢ እንዳይቸገር ምላሾቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ፤ የራሴንም ሐሳብ ጣል እያደረግሁ። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1ኛ ምላሽ

ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አመስግና ጀመረችና ስለ ቁጣ ከማውራታችን በፊት ትሉን እንድንቆጥር ጠየቀች። ኔካቶር የሚባለው የመንጠቆ ትል ዓይነት አንዱ ብቻውን በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስጠፋል። አምስት ወይም አሥር ትል ያለበት ልጅ አያስተውለውም። መቶ ያለበት ግን በየቀኑ 3 ሚሊ ሊትር ይከስራል። ምግቡ አይረን ከሌለው መገርጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የሁለተኛው ልጅ መገርጣት የደም ማነስ እንጂ የቁጣ ምልክት ላይሆን ይችላል አለች። ትክክል ናት። የሆድ ቁርጠቱና ማሳከኩ ግን በደም ማነስ አይገለጽም። ጥያቄዬ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

2ኛ ምላሽ

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ነርሷን ደግፎ ገባ። በየጤና ተቋሙ የሚሠራው ተራ የሰገራ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ትል መኖሩን እንጂ ብዛቱን አይናገርም። ለመቁጠር ካቶ ካትዝ የሚባለው ዘዴ ያስፈልጋል። በእሱ 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ ይለካና እንቁላሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚያ የራሱን ትዝብት ጨመረ። ትል ያለባቸው ሰዎች ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ፤ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ስላላቸው ወዲያው ይለያሉ። ሆኖም ኢዮሲኖፊላቸው በጣም ከፍ ብሎ ምንም የማይሰማቸው ሰዎች አጋጥመውታል። ወታደሩ ተሰልፏል፤ ውጊያው ግን የለም። ማን ከለከለው ብሎ ለሚቀጥለው አሳለፈ።

3ኛ ምላሽ

የሕክምና ተማሪ መለሰለት። ረጅም ነው፤ ግን ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም አላሳጥረውም።

የአንጀት ግድግዳ ላይ ተፍት የሚባሉ ጥቂት ሕዋሳት አሉ። ትል መግባቱን ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ ሥራቸው ግልጽ የሆነው በቅርብ፣ በ2016 ነው። ትል ሲያውቁ ኢንተርሉኪን 25 የሚባል መልእክት ይለቃሉ። መልእክቱን የተቀበሉት ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 13 ያመነጫሉ። ያኔ አንጀት ንፍጥ ያበዛል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ውሃ ይለቃል። ዓላማው ትሉን አጥቦና ገፍቶ ማስወጣት ነው። ቁርጠቱ የዚህ ውጤት ሊሆን ይችላል። ኢንተርሉኪን 5 ኢዮሲኖፊሎችን ያበዛል። ኢንተርሉኪን 4 ደግሞ አይጂኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረት ያደርጋል። አይጂኢ በአለርጂ ጊዜ የሚያሳክከን ያው ነው።

ትሉ በዚህ ሁሉ ካልወጣ ሰውነት ስልት ይለውጣል። ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ይበዛሉ። ኢንተርሉኪን 10 እና ቲጂኤፍ ቤታ የሚባሉ የማብረጃ መልእክቶችን ይለቃሉ። ሌሎቹ ሕዋሳት ይህን ሲቀበሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ባይኖር ምን ይሆናል? ኢንተርሉኪን 10 የሌላቸው አይጦች ቶክሶፕላዝማ በሚባል ተውሳክ ሲያዙ ይሞታሉ። የሚሞቱት ተውሳኩ ስለበዛባቸው አይደለም፤ የገዛ ብግነታቸው ገድሏቸው ነው። በቢልሃርዚያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ማክሮፋጅ የተባሉት ሕዋሳቸው የኢንተርሉኪን 4 እና 13ን መልእክት መቀበል የማይችል አይጦች በበሽታው መጀመሪያ ላይ ይሞታሉ።

መጨረሻ ላይ የጻፈው ደግሞ እኔን በጣም ያስደነቀኝ ነው። ትሉም በማብረዱ ሥራ ይሳተፋል። የአይጥ አንጀት ውስጥ የሚኖር ሄሊግሞሶሞይድስ ፖሊጋይረስ የሚባል ትል የቲጂኤፍ ቤታን ሥራ የሚሠራ የራሱ ፕሮቲን ይለቃል። ቅርጹ ከእኛው ቲጂኤፍ ቤታ ጋር አይመሳሰልም፤ ሥራው ግን አንድ ነው። ይህ በ2017 ታትሟል። ስለዚህ ጸጥታው የሰውነት ብቻ ወይም የትሉ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ይፈልጉታል፤ የሚፈልጉበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

4ኛ እና 5ኛ ምላሽ

4ኛው ስሙ በዝቶበት ቀለል አድርጉልን አለ። 5ኛው ከሰቃ የጻፉ ገበሬ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። እርሻ ሲመነጠር ቆሻሻው በእሳት ይለቀቃል፤ ግን እርጥብ ቅጠል የያዙ ሰዎች ዳር ዳሩን ይቆማሉ፣ እሳቱ ወደ ቡናው እንዳይዛመት። ሰውነትም እንዲህ ከሆነ ገብቶኛል አሉ። ተማሪው በአክብሮት አዎ አላቸው። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ቅጠል ያዦቹ እያለ መጻፍ ጀመረ።

6ኛ ምላሽ

ውጭ አገር የሚኖር የጅማ ልጅ ነው። ጅማ ራሷ በዚህ ጉዳይ ታዋቂ መሆኗን አስታወሰን፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። የጅማና የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ተመራማሪዎች አብረው የሠሯቸው ጥናቶች ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥተዋል። የ1997ቱ ጥናት ሲተነፍሱ ሲር ሲር ማለትና አስም ከገጠሩ ይልቅ በጅማ ከተማ እንደሚበዛ አሳየ። የ2001ዱ ደግሞ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የማለት ዕድላቸው በግማሽ ያህል ዝቅ እንደሚል አገኘ። ትሉ አንጀት ውስጥ ሆኖ ያስነሳው መብረድ ሳንባንም ያረጋጋል የሚል ግምት ከዚህ ተጠናከረ።

እስከዚህ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ እሱ ራሱ አገር ከለቀቀ በኋላ አበባ በፈነዳ ቁጥር ዓይኑ እንደሚያለቅስና ደረቱ እንደሚታፈን ጻፈ። ከዚያ ዘሎ ለልጆች የትል መድኃኒት መስጠት ይቁም አለ።

7ኛ ምላሽ

የ1ኛው ነርስ ተመልሳ መጣች፤ ትሕትናዋ ግን አብሯት አልመጣም። ከሩቅ ሆኖ እንዲህ ማለት ቀላል ነው አለች። ሄሞግሎቢኗ ወርዶ ልትወልድ የምትመጣ እናት አጠገብ ቆሞ ያውቃል ወይ? ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ አስተምሮ ያውቃል ወይ? ኢትዮጵያ በኅዳር 2015 (እ.ኤ.አ.) አገር አቀፍ የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ዘመቻ የጀመረችው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የአልቤንዳዞል ክኒን፣ 400 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ። ይህን የሚያስቆም ሰው በልጆች ይቀልዳል ብላ ዘጋች። ጥናት የሚባለውም የፈረንጅ ወሬ ነው ብላ ጨመረች። ቁጣዋ ይገባኛል። የመጨረሻዋ አባባል ግን ትክክል አልነበረችም።

8ኛ ምላሽ

ጽሑፉ ተመራማሪ መሆኑን ያሳብቃል። ሁለቱንም አረማቸው። ለነርሷ፣ ጥናቱ የጅማ ሰዎች ራሳቸው የሠሩት ነው፤ የፈረንጅ ወሬ ማለት የእነሱን ልፋት መካድ ነው አላት። ለ6ኛው ደግሞ ሦስት ነገር አነሳለት። አንደኛ፣ አብሮ መገኘት ምክንያት መሆን አይደለም። ሁለተኛ፣ ትል ሁሉ አንድ አይደለም። የወስፋት እጭ በሳንባ በኩል ስለሚያልፍ ራሱ ሳልና ሲርታ ሊያስነሳ ይችላል። በ2006 ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ መንጠቆ ትል የአስምን ዕድል ቀነሰ፣ ወስፋት ግን ጨመረ። ሦስተኛ፣ ተሞክሯል። እዚያው ኖቲንግሃም በ2010 በታተመ ሙከራ አስም ላለባቸው ሰዎች አሥር አሥር የመንጠቆ ትል እጭ በቆዳቸው በኩል ተሰጣቸው። ጉዳት አላደረሰም፤ አስማቸውም ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳየም። ክሮን ለሚባለው የአንጀት ቁጣ የአሳማ ትል እንቁላል ማጠጣትም በ2005 ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በኋላ የመጡት ትላልቅ ሙከራዎች ግን አልደገፉትም።

ስለዚህ ዛሬ የሚፈለገው ትሉ ሳይሆን ትሉ የሚለቀው ማብረጃ ነው አለ። ለእኔ ከውይይቱ ሁሉ ሚዛን ያለው ምላሽ ይህ ነው።

9ኛ እና 10ኛ ምላሽ

6ኛው ተናዶ ተመለሰ። ሰደባችሁኝ፣ አገሬን ስለምወድ ነው የጻፍኩት አለ። 10ኛው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለታችሁም የጅማ ልጆች ናችሁ፣ ተከባበሩ ብለው ገላገሉ። ነርሷ ቃሏን አለዘበች። መድኃኒቱ ይቁም በሚለው ላይ ግን አንድ እርምጃ አላፈገፈገችም፤ ማፈግፈግም አልነበረባትም።

11ኛ እና 12ኛ ምላሽ

ጌራ ያደገች መምህርት ስለ ኦንኮ፣ ስለ ወንዝ ዳር ዕውርነት ጻፈች። በሽታውን የሚያመጣውን ትል ፈጣን ወንዝ ዳር የሚራባ ጥቁር ዝንብ ያስተላልፈዋል። አባቷና አጎቷ አብረው ቡና ሲለቅሙ ያደጉ ናቸው። አባቷ ገላቸው ላይ እባጮች አሏቸው፣ ቆዳቸው ሲታይ ትሉ ብዙ ነበር፤ የሚያሳክካቸው ግን ትንሽ ነው። አጎቷ አንድ እግራቸው ብቻ ጠቆረ፣ ወፈረ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳቸዋል። የእሳቸው ቆዳ ሲመረመር ትል የተገኘው በመከራ ነው። ትል የበዛበት ተኝቶ ትል ያነሰበት ለምን ይሰቃያል አለች።

የላቦራቶሪው ባለሙያ በ12ኛው መለሰላት። የአጎቷ ዓይነት ሶውዳ ይባላል፤ በተለይ የመንና ሱዳን ውስጥ በደንብ ይታወቃል። በሶውዳ ጊዜ ቅጠል ያዦቹ ደካሞች ናቸው። ቁጣው በረታና ትሎቹን ጨረሳቸው፤ ዋጋውን ግን ቆዳው ከፈለ። የአባቷ ሰውነት ተቃራኒውን መረጠ፤ ትሉን ተሸከመ፣ ቆዳውን አዳነ። መነሻ ላይ ለጠየቅሁት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። አንድ ዓይነት ትል፣ ሁለት ሰውነት፣ ሁለት በሽታ።

ይህ ማለት ግን የአባቷ መንገድ ነፃ ነው ማለት አይደለም አለ። ጥቃቅኖቹ ትሎች ዓይን ውስጥ ገብተው ሲሞቱ ብግነት ያስነሳሉ፤ ዕውርነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ትሎቹ በውስጣቸው ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ ይይዛሉ። ትሉ ሲሞት ባክቴሪያው ይለቀቅና ቁጣውን ያባብሳል። የበሽታውን መድኃኒት አይቨርሜክቲንን፣ ማለትም ሜክቲዛንን፣ የዋጠ ሰው በማግስቱ ቢያሳክከው ወይም ቢያብጥ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ትሎቹ በብዛት እየሞቱ ነው። መድኃኒቱ መርዞኝ ነው ብሎ የሚቀጥለውን ዙር መቅረት አይገባም። ዕብጠቱ ወይም ትኩሳቱ ከበረታ ለጤና ሠራተኛው መንገር ነው።

13ኛ ምላሽ

አንድ ሰው የእግር ዕብጠት ሁሉ ከትል ነው ብሎ ገባ። ወዲያው ታረመ። በባዶ እግር ለረጅም ጊዜ ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ትልም ጀርምም የለበትም። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚያስነሳው ቁጣ ነው። ጫማና እግር መታጠብ ይከላከለዋል። አይተላለፍም። ስለዚህ ሰው ማግለል ነውር ነው። ይህን የጻፈውን ሰው ሁላችንም አመስግነናል።

14ኛ ምላሽ

ከደጋ አገር ለትምህርት ጅማ የመጣ ወጣት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ ዋኘ። ከሳምንታት በኋላ እሱ ብቻ በኃይለኛ ትኩሳት፣ በሳልና በሽፍታ ወደቀ። እዚያው ሲዋኙ ያደጉት ጓደኞቹ ምንም አልሆኑም።

የሕክምና ተማሪው ካታያማ ትኩሳት ይባላል አለው። ቢልሃርዚያን ሰውነቱ የማያውቀው እንግዳ ሰው ላይ የሚነሳ ቁጣ ነው። በሽታው ባለበት ተወልደው ያደጉ ሰዎች ላይ ይህ ትኩሳት እምብዛም አይታይም። ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ስለለመዱት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ ጓደኞቹ ዳኑ ማለት አይደለም። አንዲት የማንሶኒ ቢልሃርዚያ ሴት ትል በቀን 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ግማሹ ያህል ከሰውነት አይወጣም፤ ጉበትና አንጀት ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ሰውነት እያንዳንዱን እንቁላል በሕዋሳት ይከበዋል። ከበባው ከእንቁላሉ መርዝ ጉበትን ይጠብቃል፤ ግን ጠባሳ ይተዋል። ያ አንጀት ውስጥ ትል ያስወጣልን የነበረው ኢንተርሉኪን 13 ጉበት ላይ ዋነኛው ጠባሳ ሠሪ ነው። በዓመታት ውስጥ ጉበት ይጠጥራል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ጸጥታው ሂሳቡን ያዘገያል እንጂ አይሰርዘውም። ስለዚህ ጓደኞቹም ተመርምረው የቢልሃርዚያን መድኃኒት ፕራዚኳንቴልን መውሰድ አለባቸው። እሱም ቢሆን ገና ያልጎለመሱትን ትሎች መድኃኒቱ ስለማይገድላቸው ሐኪሙ ድገም ካለው ይድገም።

15ኛ፣ 16ኛ እና 17ኛ ምላሽ

ቢልሃርዚያ ሲነሳ እንዶድ አይቀርም። 15ኛው ሰው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን ጻፈ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘታቸውንም ጨመረ። 16ኛው ከርዕስ ወጣችሁ፣ ይህ የታሪክ ክፍል አይደለም ብሎ ተቆጣ። ቃሉ ከረር ያለ ነበር። 17ኛው ቀንድ አውጣው ከሞተ ትሉ ሰው አይደርስም፣ ሰው ካልተያዘም የሚበርድ ቁጣ የለም ብሎ መለሰለት። እኔም ከ17ኛው ጋር ነኝ።

18ኛ ምላሽ

ይህን ሁሉም ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ፋርማሲስት ናት። ሰው ቁጣን ማብረድ ሁሌ ጥሩ ከመሰለው ይጠንቀቅ አለች። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ የሚባሉ ኃይለኛ ማብረጃዎች ናቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ለመወፈር ብለው የሚጠይቋት ሰዎች አሉ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል ደግሞ አንጀት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳያስታውቅ ሊኖር ይችላል፤ ሰው ውስጥ ሆኖ ራሱን ማባዛትም ይችላል። በተራ የሰገራ ምርመራ በቀላሉ ያመልጣል። ይህን ትል አደብ የሚያስይዘው ያ ኢዮሲኖፊል የሚያበዛው ቁጣ ነው። ስቴሮይዱ ቁጣውን ሲያጠፋው ትሉ ያለ ልክ ይባዛል፣ ወደ ሳንባና ወደ ሌላ አካል ይሰራጫል፣ የአንጀት ባክቴሪያ ይዞ ወደ ደም ይገባል። ብዙዎች ይሞቱበታል። ስለዚህ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሊታዘዝላችሁ ከሆነ ያደግሁት ትል ባለበት አካባቢ ነው ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ከዚህ ምላሽ በኋላ ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ጭቅጭቅ አልታየበትም።

19ኛ ምላሽ

8ኛው ተመልሶ ጸጥታው የሚያስከፍለውን ሌላ ዋጋ አነሳ። ማብረጃው በትሉ ላይ ብቻ አይቆምም። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ፣ በ2001 የታተመ ጥናት አለ። ትል የነበረባቸው ሰዎች መድኃኒት ወስደው የሳንባ ነቀርሳን ክትባት ቢሲጂን ሲከተቡ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ ከተከተቡት ይልቅ ሕዋሳቸው ለሳንባ ነቀርሳ ጀርም የተሻለ ምላሽ ሰጡ። ነርሷ ይህን አንብባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማች።

20ኛ ምላሽ

የመጨረሻው የሁለት ልጆች አባት ናቸው፤ የሚኖሩት ፈረንጅ አራዳ ነው። የ1997ቱ ጥናት ሲሠራ ልጅ እንደነበሩ ጻፉ። ዛሬ ልጆቻቸው ጫማ ያደርጋሉ፣ ትምህርት ቤት የትል ክኒን ይውጣሉ፣ ግቢያቸው ሲሚንቶ ነው። ትንሿ ልጃቸው ግን ሌሊት ሌሊት ሲር ሲር ትላለች። ይህ ከትሉ መጥፋት ጋር ይያያዛል ወይስ ከጭስና ከአቧራ ነው ብለው ጠየቁ። ማንም በእርግጠኝነት አልመለሰላቸውም። ነርሷ ልጅቷን ሐኪም ያያት አለች። 8ኛው ደግሞ የያኔውን መጠይቅ በዛሬዎቹ ልጆች ላይ መድገም ይቻላል፣ ለማነጻጸር የያኔው ውጤት ታትሞ ይገኛል አለ።

እኔ ይህ ሥራ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ትንፋሻቸው ይለካ፣ ሰገራቸውም በካቶ ካትዝ ይቆጠር፤ ከተማውም ገጠሩም ይግባ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ 21ኛው ምላሽ የእናንተ ይሁን።